አማቴ ፊት ያሳፈረችኝ መኪና

አማት እያወሩ መንገድ መንገዱን ማየት ነውር ነው። እኔ እንደዚያ ነው ያደግኩት። መኪናዬ የት እንዳደገች እንጃ።

እማማ ዘነበችን ከደለስ ኤርፖርት ተቀብዬ እዚያው ቨርጂኒያ ወዳለችው አሌክሳንድሪያ እየወሰድኳቸው ነበር። ጋቢና አስቀመጥኳቸው። 495 የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ስንወጣ በራሷ እንድትነዳ አደረግኩና እጄን አነሳሁ። "በስማም!" ብለው አማተቡ። ጉራዬ እዚያው አበቃ።

ወሬ ጀመሩ። ማን አገባ፣ ማን ታመመ፣ ማን ሞተ። እኔም እንደ ወጉ ዞር እያልኩ "እሰይ!" "ነፍስ ይማር!" እላለሁ። መርዶ እኮ በጎን ዓይን አይሰማም። ከስፖኪዮው በላይ ግን ምስር የምታክል ካሜራ አለች። ሥራዋ በራሷ ስትነዳ የእኔ ዓይን ከመንገዱ እንዳይነሳ መከታተል ነው። ጨለማም አያግዳትም። ባለቤቴ እንኳን በትዳራችን ሙሉ ዓይኔን እንዲህ ተከታትላው አታውቅም። አሁን አሁን ሶፋ ላይ ተጋድሜ ጣራ ሳይ ራሱ ያቺ ምስር የምትጮህብኝ ይመስለኛል።

ጥፋቱ የሌላ ሰው ነው። ድሮ እንዲህ ያለች መኪና የምትቆጣጠረው እጅ መሪው ላይ መኖሩን ነበር፤ መሪው ላይ ብርቱካን እየወሸቁ እጅ የሚያስመስሉ ነበሩ። ለዚሁ ማታለያ የተሠራ ማግኔት እንኳን ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት አስቁሞታል። በሰው ብርቱካን የምቀጣው እኔ።

ኤሲውስ? ቁልፍ የሚባል ነገር የለውም፤ ሁሉም ያለው ስክሪኑ ውስጥ ነው። እማማ "በረደኝ" አሉ። ልቀንስ ስክሪኑን ሳይ "መንገዱን ይመልከቱ" የሚል ጽሑፍ መጣ። የመጣው እዚያው ስክሪን ላይ! ታዲያ ሳላየው በምን ላንብበው? በራሷ እንድትነዳ በየወሩ የምከፍለው ለዚህ ነው። ዝም ብሎ ተቀምጦ መንገድ ላይ ማፍጠጥ ደግሞ ከመንዳት ይብሳል፤ እንቅልፍ ያመጣል።

ከዚያ የአጎታቸውን ልጅ ለቅሶ ጀመሩ። ዞርኩ። መኪናዋ ጮኸች፣ ስክሪኑ ቀላ፣ ፍጥነቷን ቀነሰች። ለቀረው መንገድ በራሷ እንደማትነዳም አስታወቀችኝ።

"ምን አለችህ?" አሉ እማማ።

"ራስህ ንዳ አለችኝ።"

ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው "አላመነችህም ማለት ነው" አሉ።

ማታ ቤት ሙሉ እንግዳ ነበር። ዶሮው ሳይቀርብ ወሬው ቀረበ፤ "አማቼን መኪናው ከሥራ አባረረው!" እያሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ባለቤቴም አብራ።

እሁድ ጠዋት "ቤተ ክርስቲያን ላድርስዎት?" ብላቸው ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣

"እሷ ፈቀደችልህ?" አሉኝ።