የካቲት 23 በደሴ ሰፈር፦ ከወንበር እስከ ኢፍጣር

የዓድዋን በዓል በሰፈር ደረጃ የሚያዘጋጅ ሰው ሐሳቡ ሁሉ መድረኩ ላይ ያርፋል። የመጀመሪያው ዓመት ላይ እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። ባነሩም ድምፅ ማጉያውም አምሮ ሳለ፣ ዝግጅቱ ሁለት ሰዓት ሲሞላው የክብር እንግዶቹ፣ አረጋውያኑ ዘማቾች፣ አንድ በአንድ እየተነሱ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ሥራውን የምንጀምረው ከወንበሩ ነው።

ከወንበሩ በፊት ግን ስም ዝርዝሩ አለ፤ ሁለት ወር ይፈጃል። ዛሬ በእግሩ መጥቶ የሚቀመጠው ዘማች ባብዛኛው በ1969 እና በ1970 ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት የተዋጋ ነው። የካራማራ ድል የካቲት 26 ቀን 1970 ስለሆነ ከዓድዋ በዓል የሚርቀው ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ እናከብራለን። በጥሪ ወረቀቱ ላይ «አርበኛ» ብላችሁ አትጻፉላቸው። አርበኛ በጣልያን ጊዜ ዱር የገባው ነው፤ ራሳቸው ያርሟችኋል። «ዘማች» ይበቃል። ማዕረጉን ከጡረታ ደብተር ወይም ከመሰናበቻ ወረቀት ገልብጡ እንጂ ጎረቤት አትጠይቁ፤ ሃምሳ አለቃውን አሥር አለቃ ብሎ የጠራ የመድረክ መሪ ቀኑን ሙሉ ይቅርታ ሲለምን ይውላል። ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ የዘመተው ሚሊሻ ወረቀት ላይኖረው ይችላል። ለእሱ አብረውት የዘመቱ ሁለት ሰዎች ከመሰከሩ ይበቃናል፤ ስሙም ከመደበኛው ጦር ጋር በአንድ ዝርዝር፣ በፊደል ተራ ይገባል። ለሚሊሻው ለብቻው ገጽ ያበጀን ዓመት ከኩርፊያ በቀር ያተረፍነው የለም። ባሏ ያረፈባት ሴት ኒሻኑን ይዛ ከፊት ረድፍ ትቀመጣለች።

ድንኳኑም ወንበሩም የቅሬ (የእድር) ነው። ለቅሶ ካለ ቅሬ ዕቃውን ለማንም አይሰጥም፣ መብቱም ነው። በዋዜማው ሰው ቢሞት ድንኳኑ ወደዚያ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለት ቅሬ እናናግራለን። መደገፊያ ክንድ የሌለው የፕላስቲክ ወንበር ለሽማግሌ አይሆንም፤ ለመቀመጥ ሳይሆን ለመነሣት ይቸግራቸዋል። ለ32 ዘማቾችና ለ8 ባልቴቶች 40 ባለ ክንድ ወንበር ከየቤቱ ለቅመን፣ እያንዳንዱ ላይ የባለቤቱን ስም በፕላስተር እንለጥፋለን። ኮብሉ ተዳፋት ከሆነ ከወንበሮቹ እግር ሥር ጣውላ ይነጠፋል። መጓጓዣው ባጃጅ ነው፤ ክራንች የያዘ ሰው ካለ ከሁለት ሰው በላይ አትጫኑ።

ሰዓቱን የሚወስነው ጾሙ ነው። በ2017ም ሆነ በ2018 የካቲት 23 ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ላይ የገቡበት ቀን ሆነ። ጠዋት ቡና አፍልቶ ሰው መሰብሰብ ለክርስቲያኑም ለእስላሙም የማይሆን ነገር ነው። ስለዚህ 10 ሰዓት ጀምረን በማፍጠሪያው እንጨርሳለን፤ መግሪብ በዚያ ሰሞን 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በምዕራብ ስለሆነች መድረኩ በምሥራቅ በኩል ይቆማል፣ ሽማግሌዎቹ ጀርባቸውን ለፀሐይ ይሰጣሉ። ፀሐይ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ስትገባ ብርዱ ወዲያው ነው የሚወርደው። የስጦታውን ጋቢ መጨረሻ ላይ ስንሰጥ ሲንቀጠቀጡ የቆዩ ሰዎችን ነበር የምናለብሰው። አሁን ገና ሲቀመጡ እናለብሳቸዋለን። ፎቶ አንሺው ያጉረመርማል፣ ያጉረምርም።

ምግቡ ደግሞ ሥጋ ከሚታረድበት ዓመት ይቀላል፤ ሁለት አራጅና ሁለት ድስት የለም፣ ሁሉም ከአንድ ማዕድ ይበላል። ለ120 ሰው 3 ኪሎ ተምር፣ ለሾርባ 5 ኪሎ አጃ፣ 360 ሳምቡሳ (ለውስጡ 5 ኪሎ ድፍን ምስር)፣ 5 ኪሎ ሽሮ፣ 180 እንጀራ። ሾርባው ውስጥ ሥጋ አይገባም። ቅቤ የጠጣ የቅሬ ድስት ቢታጠብም ይሸታልና አዲስ ድስት ግዙ ወይም በዘይት ብቻ የሚሠራበት ፈልጉ። ስኳር ያለበት ዘማች ጾም ላይ ነኝ ብሎ መድኃኒቱን ሊተው ስለሚችል፣ የስኳርና የደም ግፊት መለኪያ የያዘች ነርስ ከፊት ረድፍ ጥግ ትቀመጣለች።

መርሐ ግብሩ በሼህና በቄስ ምርቃት ይከፈታል፣ የኅሊና ጸሎት አንድ ደቂቃ። ቀጥሎ የምኒልክ የክተት አዋጅ ይነበባል። «ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ» የሚለው ጋ ሲደርስ የወሎ ሰው ይነቃነቃል፤ ስለዚህ አንባቢው እዚያ ላይ ትንፋሽ ይውሰድ። የውሉ ቦታ ውጫሌም፣ የራስ ሚካኤል ፈረሰኛም የዚሁ አገር ስለሆኑ ለልጆቹ ከዚህ የተሻለ ጥያቄና መልስ የለም። ባነሩን ስታሳትሙ ከዓመተ ምሕረቱ 1888 ቀንሱ፤ ለ2018 ዓ.ም. 130ኛ ነው። ማተሚያ ቤት ያምናውን ፋይል ከፍቶ እንዳያትምባችሁ።

ዘማቾቹ የሚናገሩት ከባለሥልጣን በፊት ነው። «ስለ ጦርነቱ ይንገሩን» ማለት ሦስት ሰዓት መጋበዝ ነው። ከሁለት ቀን በፊት ቤታቸው ሄደን አንድ ጥያቄ ብቻ እንሰጣለን፦ «ከጎንዎ ማን ነበር?» ማይኩን ጋሼ እጅ ላይ አናስቀምጥም፤ አንድ ወጣት ተንበርክኮ ይይዝላቸዋል። ድምፅ ማጉያው ከማይኩ ኋላ ከሆነ ይጮኻል፤ ከመድረኩ ፊት፣ ወደ ሕዝቡ ዞሮ ይቁም። መብራት ከሄደ ብለን ጄኔሬተሩን 30 ሜትር አርቀን እናቆማለን፣ አለበለዚያ ከሱ በቀር የሚሰማ ነገር የለም። ለፎካሪ ጠመንጃ አንሰጥም፤ ጋሻና ዱላ ይበቃዋል፣ ይህም ለፖሊስ በምናስገባው ደብዳቤ ላይ ይጻፋል።

አልጋ የያዛቸው አሉ። የእነሱ ጋቢ በበዓሉ ማግስት ሳይሆን በዋዜማው፣ የካቲት 22 ማታ ይደርሳል። ማግስቱን የሄደ ጋቢ የተረፈ ይመስላል።