የፈረስ ዝንቦቹ መዝገብ፦ ሦስተኛ ወር

ሰላም ወዳጆች። ደሴ ውስጥ ካለች አንዲት የነፍሳት ስብስብ ክፍል ቅዳሜ ቅዳሜ መግባት ከጀመርኩ ሦስት ወር ሞላኝ። እስካሁን 140 የፈረስ ዝንብ ፎቶ አንስቼ መዝግቤያለሁ።

መጀመሪያ ያስጨነቀኝ ፎቶው ነበር። በጣም ቀርበህ ስታነሳ ጭንቅላቷ ሲጠራ ክንፏ ይደበዝዛል። አሁን ካሜራውን በጥቂት በጥቂቱ እያስጠጋሁ 30 ፎቶ አነሳና በኮምፒውተር አንድ ላይ አዋህዳቸዋለሁ። መብራቱ ጀርባዋ ላይ እንዳያንጸባርቅ ዙሪያዋን በስስ ነጭ ወረቀት እከልላለሁ። በቃ፣ ይሄ ተለመደ።

ሄማቶፖታ፣ ክራይሶፕስና ታባነስ የሚባሉትን የፈረስ ዝንብ ወገኖች መለየቱ በጣም ደስ ይላል። ክንፉ ግራጫ ዝንጉርጉር ከሆነ ሄማቶፖታ ነው፤ ጥቁር መቀነት ካለው ክራይሶፕስ። ታባነስ አብዛኛውን ጊዜ ክንፉ ጥርት ያለ ነው። ዓይኖቹ ግንባር ላይ ከተጋጠሙ ወንድ፣ መሐላቸው ክፍተት ካለ ሴት። ደም የምትመጠው ሴቷ ብቻ ናት። ከብት ላይ ስለሚያዙም ሳጥኖቹ ውስጥ ያሉት ከሞላ ጎደል ሴቶች ናቸው።

ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ግን ከመለያ ወረቀቶቹ ነው። 23 ዝንቦች ሥር «ጨፋ፣ 8/1/2005» ተጽፏል። እኔ በፈረንጅ ቆጥሬ ጥር ውስጥ ከተትኳቸው። ክፍሉን የሚጠብቁት ጋሼ ግን በዚያው ሳጥን፣ በዚያው እጅ ጽሑፍ «መስከረም 9 ቀን 2005» የሚል ወረቀት አሳዩኝ። «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ በኛ ነው የሚቆጥረው» አሉኝ። ለካ የ23ቱ ቀን መስከረም 8 ነው፤ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 18 ቀን 2012! ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ወደ ኋላ ወስጃቸው ነበር።

ይሄ ቀላል ስህተት አይደለም። የፈረስ ዝንብ የቆላ ዝንብ (ጼጼ) በሌለበት አገርም ገንዲ የሚባለውን የከብት በሽታ ከከብት ወደ ከብት ታዛምታለች። በየትኛው ወር እንደምትበዛ ማወቅ የሚፈልግ ሰው የሚያምነው ያቺን ትንሽ ወረቀት ነው። ስለዚህ አሁን ሁለት ዓምድ አለኝ፦ አንዱ ወረቀቱ ላይ ያለውን ሳልነካ እንዳለ የምገለብጥበት፣ ሌላው ወደ ፈረንጅ የተቀየረው። ወረቀቱንም ከዝንቧ ጎን አስቀምጬ ፎቶ አነሳዋለሁ።

ወረቀቱን ከእስፒሉ ስታወጡ በወረንጦ ከሥር ይዛችሁ ቀስ በሉ። ባለፈው አንድ እግር ተሰበረብኝ። ትንሽ ካርድ ላይ አጣብቄ እዚያው እስፒል ላይ መለስኩት።

የቀጣዩ ሳምንት ሳጥን «ባቲ፣ ግመል ላይ» ይላል። ቀን የለውም። ከእጅ ጽሑፉ መገመት ይቻል ነበር፤ እኔ ግን የቀኑን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ።