ላብ የምግብ ዕዳ መክፈያ አይደለም

«ትናንት ማታ በዝቶብኛል፣ ዛሬ ሮጬ ላቃጥለው» የሚለው ሐሳብ ብዙ ሰው ስፖርት እንዲጠላ አድርጓል። ሂሳቡም አያዋጣም። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለ30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ ቢራመድ 150 ካሎሪ ገደማ ያወጣል። ከዚህ ውስጥ 35 ያህሉን ሰውነቱ ቁጭ ብሎም ቢሆን ያወጣው ነበር። የቀረው 115 ካሎሪ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ውስጥ ካለው ጋር እኩል ለማለት ይቻላል። በአንድ ማንኪያ የገባውን በግማሽ ሰዓት እርምጃ አሯሩጦ ለማስወጣት መሞከር ሰውን ያሰለቻል። ስፖርቱ ቅጣት ይሆናል፣ ምግቡም ጥፋት።

ስለዚህ ሁለቱን መለየት ይበጃል። እንቅስቃሴው ለልብ፣ ለሳንባ፣ ለጡንቻ፣ ለአጥንት፣ ለእንቅልፍና ለመንፈስ ነው። ክብደትን በዋናነት የሚወስነው ግን ሳህኑ ነው። እንዲህ ሲለያዩ ስፖርቱን «ስንት ያቃጥላል?» ብለን ሳይሆን «ነገስ ልሠራው እጓጓለሁ ወይ?» ብለን ለመምረጥ ነፃ እንሆናለን። ለጤና የሚፈለገው መጠንም የሚያስፈራ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ፣ በዚያ ላይ ቢያንስ 2 ቀን የጡንቻ ማጠንከሪያ ይመክራል። መካከለኛውንና ጠንካራውን ማቀላቀልም ይቻላል።

ጀማሪዎች ስፖርት አስጠላን ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ ያስጠላቸው የጀመሩበት ፍጥነት ነው። ልብና ሳንባ ወደ ሥራው ለመግባት ጥቂት ደቂቃዎች ይፈልጋሉ። ከመነሻው የተፈተለከ ሰው ትንፋሹ ሲቆራረጥ «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብሎ ይደመድማል። መለኪያው ቀላል ነው፦ እየተንቀሳቀሳችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ፣ መካከለኛው ላይ ናችሁ። ጥቂት ቃላት ተናግራችሁ ትንፋሽ ለመሳብ ካቆማችሁ ጠንካራው ውስጥ ገብታችኋል። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ሁልጊዜ መዝፈን በሚቻልበት ፍጥነት ይሁኑ። የልብ ሕመም ያለበት፣ ሲንቀሳቀስ ደረቱን የሚያመው ወይም ራሱን የሚያዞረው ሰው ግን ከምንም በፊት ሐኪም ማየት አለበት።

ገመድ ዝላይ

ለጨዋታነቱ ከገመድ ዝላይ የሚበልጥ የቤት ውስጥ ስፖርት ያለ አይመስለኝም። ስሕተቱን ወዲያው ይነግራችኋል፣ መሻሻሉም በየሳምንቱ ይታያል። ደጋግመው የሚመለሱበት ነገር ደግሞ እንዲህ ያለ ነው።

መጀመሪያ ልኩ። የገመዱን መሃል በአንድ እግር ርገጡና ሁለቱን እጀታዎች ወደ ላይ ሳቡ። የእጀታዎቹ ጫፍ ብብት ጋ ከደረሰ ለጀማሪ ይስማማል። ትከሻን ካለፈ ገመዱ ከፊታችሁ መሬት ላይ እየተንጣጣ ይመጣና እግር ይይዛል። ከደረት መሃል በታች ከቀረ ደግሞ ራስ ይመታል። ለመጀመሪያ ጊዜ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የፕላስቲክ ገመድ ምረጡ፤ ክብደቱ የት እንደደረሰ በእጅ ያስታውቃል። የጥጥ ገመድ ቀላል ስለሆነ አየር ላይ ይልፈሰፈሳል። ቀጭኑ የሽቦ ገመድ ፈጣን ነው፣ ሲስቱ ግን ቆዳ ይገርፋል።

አቋቋሙ እንዲህ ነው፦ ክርን ከጎን አጥንት ጋር ቀረብ ይላል፣ እጆች በወገብ ከፍታ ከሰውነት ትንሽ ፈቀቅ ብለው ይቆማሉ፣ ገመዱን የሚያዞረው ትከሻ ሳይሆን የእጅ አንጓ ነው። ዝላዩ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ገመዱ እንዲያልፍ ያህል። ስታርፉ በእግር መዳፍ ፊተኛ ክፍል ላይ፣ ጉልበት ለስለስ ብሎ፣ ድምፅ ሳታሰሙ። ጮክ ብሎ የሚሰማ አረጋገጥ ከፍ ብላችሁ እየዘለላችሁ ለመሆኑ ምልክት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እጅ ላይ ነው። ድካም ሲመጣ እጆች ቀስ በቀስ ወደ ጎን ይከፈታሉ። እጅ በተከፈተ ቁጥር ገመዱ ያጥራል፣ ታችኛው ቅስቱም ከመሬት ከፍ ይላልና ጣት ላይ ይጠለፋል። ሰው ይህን ሲያይ ከፍ ብሎ ለመዝለል ይሞክራል፤ ያን ጊዜ ይበልጥ ይደክመዋል፣ እጁም ይበልጥ ይከፈታል። መፍትሔው ክርንን መልሶ መሰብሰብ ነው። ሁለቱን እጀታዎች በአንድ እጅ ይዛችሁ ገመዱን ከጎናችሁ እያዞራችሁ 20 ጊዜ ብትዘሉ ምቱ ቶሎ ይገባችኋል።

መርሐ ግብሩ፦ 5 ደቂቃ መሟሟቂያ፣ ከዚያ ተረከዝ እያነሱ በጣቶች መቆም 15 ጊዜ በ2 ዙር፣ ከዚያ 20 ሴኮንድ ዝላይና 40 ሴኮንድ ዕረፍት 8 ጊዜ። ዝላዩ በሙሉ ከ3 ደቂቃ ያንሳል፤ ለመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ይበቃል። በሳምንት 3 ቀን፣ በመካከሉ አንድ አንድ ቀን እያሳለፋችሁ። በ3ኛው ሳምንት 30 ሴኮንድ ለ30 ሴኮንድ አድርጉት፤ ከ5ኛው በኋላ 45 ለ30 መሞከር ይቻላል። እዚህ ላይ መቸኮል የሚያስከፍለው ባትና ቅልጥም ነው። ትንፋሽ በጥቂት ሳምንታት ይሻሻላል፣ ጅማትና አጥንት ግን ከጡንቻና ከሳንባ ቀስ ብለው ነው የሚጠነክሩት። ትንፋሻችሁ «ጨምር» ሲላችሁ እግራችሁ ገና ዝግጁ ላይሆን ይችላል።

ከስፖርት በኋላ ከ1 እስከ 3 ቀን የሚቆይ የጡንቻ ሕመም የተለመደ ነው። በቅልጥም ውስጠኛ ጠርዝ ረዘም ብሎ የሚሰማ ደነዝ ያለ ሕመም ግን መጠኑ በዝቷል ማለት ነው፤ ዝላዩን ለጥቂት ቀናት አቁማችሁ በእርምጃ ወይም በብስክሌት ተኩት። አጥንቱ ላይ በጣት በሚጠቆም አንድ ነጥብ ላይ የሚያም፣ ሲራመዱና ሌሊትም የሚቀጥል ሕመም የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም መታየት አለበት። ወለሉም ይወስናል፦ ጣውላ ወይም ስስ የጎማ ምንጣፍ ጥሩ ነው፣ ባዶ ሲሚንቶ እግር ይጎዳል፣ ወፍራም ምንጣፍ ደግሞ ቁርጭምጭሚት ያስጠመዝዛል።

ሌሎች ጨዋታዎች

መሮጥ ለሚወድ ሰው የስዊድኑ አሠልጣኝ ጎስታ ሆልመር በ1930ዎቹ ያዳበረው «ፋርትሌክ» የሚባለው አሯሯጥ አለ። 10 ደቂቃ በዝግታ ሮጣችሁ ትጀምራላችሁ። ቀጥሎ ባሉት 15 ወይም 20 ደቂቃዎች እስከዚያ ዛፍ ድረስ ፈጠን፣ እስከ ማዕዘኑ ዝግ፣ ዳገቱን ጠንከር እያላችሁ በስሜታችሁ ትሄዳላችሁ። በመጨረሻም 5 ደቂቃ ዝግታ። አንድ ሕግ ብቻ አለው፦ ዝግታው እውነተኛ ዝግታ ይሁን። መናገር እስክትችሉ ሳትጠብቁ ከፈጠናችሁ ሙሉው ሩጫ በአንድ መካከለኛ ፍጥነት የሚጎተት ይሆናል፣ ጨዋታውም ይጠፋል።

ጭፈራ ለሚወድም ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ለስላሳ ዘፈን ለመሟሟቂያ፣ ሦስት ፈጣን፣ አንድ ቀዝቀዝ ያለ፣ እንደገና ሁለት ፈጣን፣ አንድ ለማሳረጊያ። ግማሽ ሰዓት ገደማ ሞላ ማለት ነው።

ለጡንቻ ማጠንከሪያ ደግሞ መጫወቻ ካርታ ሞክሩ። ለአራቱ የካርታ ዓይነቶች አራት እንቅስቃሴ መድቡ፦ ለአንዱ ስኳት (ቁጭ ብድግ)፣ ለአንዱ ፑሽአፕ፣ ለአንዱ መጽሐፍ የተሞላ ቦርሳ ጎንበስ ብሎ ወደ ሆድ መሳብ፣ ለአንዱ ጀርባ ላይ ተኝቶ መቀመጫን ማንሳት። የወጣው ቁጥር የድግግሞሹ ብዛት ነው፤ ባለ ሥዕሎቹ 10፣ አንዱ (ኤስ) 11። ሙሉው 52 ካርታ 380 ድግግሞሽ ይሆናል፣ ለጀማሪ ከመጠን በላይ ነው። 13 ካርታ ብቻ ብትመዙ በአማካይ 95 ይደርሳችኋል፣ ይኸውም ጥሩ መነሻ ነው። ከፊታችሁ ምን እንደሚመጣ ስለማታውቁ ጊዜው ሳይታወቃችሁ ያልፋል። ችግሩ ትላልቅ የፑሽአፕ ካርታዎች ሲደራረቡ ነው፤ ወገብ ይሰረጉዳል፣ ትከሻ ወደ ጆሮ ይወጣል። 10ሩን 5 በ5 ከፍላችሁ ሥሩት። ወለል ላይ 8 ንጹሕ ፑሽአፕ የማይችል ሰው እጁን ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ፣ እሱም ከከበደ ግድግዳ ላይ አድርጎ ይጀምር። ቤት ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች በብዛት የሚዘሉት የመሳብ እንቅስቃሴውን ነው። የሚገፋ ብቻ የሚሠራ ሰው ደረቱ ይጠነክራል፣ ጀርባው ግን ወደኋላ ይቀራል።

ሳህኑ

የሳህኑን ግማሽ አትክልት፣ ሩቡን ፕሮቲን፣ ሩቡን ሩዝ፣ ድንች፣ ዳቦ ወይም ሌላ የስታርች ምግብ ብታደርጉት ግራም መቁጠር አያስፈልግም። እኔ ግን ሁለት ነገሮችን ለጥቂት ሳምንታት መለካትን አጥብቄ እመክራለሁ፦ ዘይትና ፕሮቲን።

ዘይት ምክንያቱ ግልጽ ነው። 1 ግራም ስብ 9 ካሎሪ ሲይዝ ካርቦሃይድሬትና ፕሮቲን 4፣ 4 ይይዛሉ። ከጠርሙሱ ወደ መጥበሻው በቀጥታ ሲፈስ ሁለትና ሦስት ማንኪያ ሳይታወቅ ይገባል። በማንኪያ ለክቶ መጨመር ብቻ ጣዕም ሳይቀንስ ከአንድ ድስት ብዙ መቶ ካሎሪ ሊያስቀር ይችላል። ሽንኩርቱ መያዝ ሲጀምር ዘይት ከመድገም ይልቅ አንድ ሁለት ማንኪያ ውኃ ጠብ ብታደርጉበት ይላቀቃል።

ፕሮቲን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ነው፣ በተለይ ክብደት መቀነስ የሚፈልጉ ሰዎች ላይ። ስፖርት ለሚሠራ ጤነኛ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ይስማማዋል፤ ለ70 ኪሎ ሰው ከ84 እስከ 112 ግራም ነው። በሦስት ማዕድ ሲከፈል በየማዕዱ 30 ግራም አካባቢ ይሆናል። 2 እንቁላል 12 ግራም፣ 200 ግራም የበሰለ ምስር ደግሞ 18 ግራም ይሰጣሉ፤ ሲደመሩ አንድ ማዕድ ሞላ። ምስሩ በዚያ ላይ ፋይበር ስላለው ጥጋቡ ይቆያል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን የፕሮቲኑን ልክ ከሐኪሙ ጋር ይወስን።

መጠጥ ላይ አጭር ነገር፦ 330 ሚሊ ሊትር ለስላሳ 35 ግራም ገደማ ስኳር ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2,000 ካሎሪ አመጋገብ ያስቀመጠው ጣሪያ 50 ግራም ነው። በዚያ ቆጠራ ማርና የፍራፍሬ ጭማቂም ይገባሉ፣ ሙሉው ፍሬ ግን አይገባም። ከአንድ ሰዓት ላልበለጠ ስፖርት ውኃ ይበቃል፣ ልዩ መጠጥ አያስፈልግም።

ከባድ ምግብ ከበላችሁ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ቆዩ፤ ገመድ በተለይ ሙሉ ሆድ አይወድም። ርቦአችሁ ከሆነ ከመጀመራችሁ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት አንድ ሙዝ ይበቃል። ከስፖርት በኋላ ያገኛችሁትን ሁሉ የምትበሉ ከሆነ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ቀደም ብሎ የተዘለለ ምግብ ነው። ክብደት መቀነስ ለሚፈልግ ከቀን ፍላጎቱ ከ300 እስከ 500 ካሎሪ ማጉደል በቂ ነው። ከዚያ በላይ ሲቆረጥ እንቅልፍ ይበላሻል፣ ብርድ ብርድ ይላል፣ ጉዳት ይደጋገማል፣ በሴቶች ላይ የወር አበባ ሊቀር ይችላል። የወር አበባ መቅረት የጥንካሬ ምልክት አይደለም፤ አጥንትን የሚጎዳ ማስጠንቀቂያ ነውና ቶሎ ሐኪም ያስፈልገዋል።

ሚዛኑን በተመለከተ፣ በአንድ ቀን 1 ኪሎ መጨመር ስብ ነው ብላችሁ አትደንግጡ። ሰውነት በጡንቻና በጉበት የሚያከማቸው እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን (የስኳር ክምችት) 3 ግራም ያህል ውኃ ይይዛል፤ ጨው የበዛበት እራትና የጠነከረ ስፖርትም ውኃ ያስይዛሉ። ጠዋት ከሽንት በኋላ ተመዝናችሁ የሳምንቱን አማካይ ብቻ አወዳድሩ። ወገብ የምትለኩ ከሆነ ሜትሩን በመጨረሻው የጎን አጥንትና በዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል አዙሩ፣ ሆድ ሳትስቡ፣ ትንፋሽ በቀስታ ከወጣ በኋላ አንብቡት። በወር አንዴ ይበቃል።