«ቁም» ከማለት በፊት

የወፍ አዳኝ ውሻ ስለማሠልጠን በተጻፉ መጻሕፍት ውስጥ፣ አነጋገሩ ይለያይ እንጂ፣ ደጋግሞ የሚገጥም አንድ መመሪያ አለ፦ ውሻው ሽታ ሲያገኝ ወፏን ልቀቅ። ወፏ ለልምምድ ሣጥን ውስጥ የተደበቀች እርግብ ናት። መመሪያዋ አምስት ቃል ናት። ሙያው ያለው ግን «ሲያገኝ» የምትለዋ ላይ ነው። አገኘ የሚባለው አንገቱን ሰበር ሲያደርግ ነው? ጅራቱ ሲፈጥን ነው? ወይስ ደርቆ ሲቆም? ይህችን ቅጽበት መጽሐፍ በቃል ሊያስቀምጣት ይሞክራል፤ ዕድሜውን ከውሻ ጋር የጨረሰ ሰው ግን አጠገቡ ለቆመ በአንድ ጠዋት ያሳያታል። ሰሞኑን የድሮዎቹን መጻሕፍት ሳገላብጥ ሲመላለስብኝ የሰነበተው ይኸው ነውና ልጻፈው።

ነገሩን ለማያውቀው በአጭሩ፦ ፖይንተር፣ ሴተር፣ ብሪታኒ የሚባሉት ዝርያዎች ወፍ የሚፈልጉት ነፋስ በሚያመጣላቸው ሽታ ነው። ሲያገኙ ድርቅ ብለው ይቆማሉ። አዳኙ አልፏቸው ሄዶ ወፏን ያስነሳል፣ ይተኩሳል። የሠለጠነ ውሻ ወፏ ስትነሳም፣ ጥይት ሲጮኽም፣ ወፏ ስትወድቅም ንቅንቅ አይልም፤ ሲታዘዝ ብቻ ሄዶ ያመጣል። መቆሙ ከደሙ ነው። አድብቶ የሚይዝ አውሬ ሁሉ ከመዝለሉ በፊት ለቅጽበት ይቆማል፤ ዝርያውን ያራቡት ሰዎች ያችን ቅጽበት አስረዘሟት። አሠልጣኙ የሚሠራው መዝለሉ ላይ ነው።

ከአንጋፋዎቹ መጻሕፍት አንዱ እንግሊዛዊው የጦር መኮንን ሃችንሰን በ1848 ያሳተመው ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በዘመኑ ሥራው «ውሻ መስበር» ነበር የሚባለው፣ የመጽሐፉም ርዕስ ይኸው ነው፤ ውስጡ ግን ከርዕሱ የለዘበ ነው። ትምህርቱን ከሜዳ ሳይሆን ከቤት ይጀምራል፤ ከጩኸት ይልቅ የእጅ ምልክትን ይመርጣል። ለማስቆም የሚጠቀምበት ቃል «ቶሆ» ነበር፤ አሜሪካኖቹ ፈረስ የሚያስቆሙበትን «ዎ» ተኩበት። ፖይንተር አርቢው ሮበርት ዌል ደግሞ በ1964 የራሱን መጽሐፍ አወጣ፤ ኤልሂው የተባለው የውሾቹ ቤት ስም በላቲን ፊደል የራሱ ስም ከኋላ ወደ ፊት ሲነበብ ነው። እሱ ደጋግሞ የሚመለስበት ነገር ቡችላውን በጫና ሞራሉን አለመስበር ነው፤ ጅራቱን ጥሎ የሚቆም ውሻ ቢታዘዝም አያምርም። በ1977 ቢል ታራንት የኦክላሆማውን አሠልጣኝ የዴልማር ስሚዝን ዘዴ በመጽሐፍ አቀረበ። የዚህኛው ቁም ነገር ዝምታ ነው፦ ውሻው መጀመሪያ በገመድ ይማራል፣ ቃሉ የሚመጣው ከገባው በኋላ ነው።

ሦስቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው የሚደናገረው በሚለያዩበት ቦታ ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የሚስማሙበት ነው። መታዘዝን ወፍ በሌለበት አስተምር፤ ወፍ ባለበት አትቆጣ። ከዚህ የወጣ ሁሉ ዋጋ ያስከፍላል፣ ከታች እመለስበታለሁ።

ከስምንት ሳምንት ቡችላ ጋር ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጫወተው በዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ጫፍ ላይ የወፍ ክንፍ አስሮ በማወናጨፍ ነው። ቡችላው ያሳድዳል፣ ይደክመዋል፣ በመጨረሻ ክንፉ ፊት ይደርቃል። ፎቶ ለማንሳት ይመቻል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከበቃ በኋላ ግን ዘንጉ መሰቀል አለበት፤ ክንፉን የሚያየው በዓይኑ ነውና፣ የለመደ ቡችላ ሜዳ ላይ አፍንጫውን ትቶ በዓይኑ መፈለግ ይጀምራል። ቢራቢሮና ጥላ ላይ የሚደርቅ ውሻ ከዚህ ነው የሚመጣው።

ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልጨምር፣ በአማርኛ ማዘዝ ለሚፈልግ። «ቁም» እጅግ ጥሩ ቃል ነው፦ አጭር፣ አፍ የሚዘጋ፣ «ና» ከሚለው ጋር የማይምታታ። ችግሩ ሴት ውሻ ስትሆን ነው። ምላሳችን ሳናስበው «ቁሚ» ይላል፣ ባለቤት ሲናደድ ደግሞ «ቁም አልኩሽ እኮ!» ይሆናል። ለውሻዋ እነዚህ ሦስት የተለያዩ ድምፆች ናቸው። ሴት ትሁን ወንድ «ቁም» ይባላል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይባላል፣ ቤተሰቡም ሁሉ እንዲሁ ይላል። አምስት ጊዜ የሚደጋገም ትእዛዝ ውሻውን የሚያስተምረው የመጀመሪያዎቹ አራቱ ባዶ መሆናቸውን ነው።

ገመዱ ከ6 እስከ 9 ሜትር ይሆናል፤ ውፍረቱ የትንሽ ጣት ያህል፣ ጠንከር ያለ፣ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ የማይልፈሰፈስ። ለስላሳ ገመድ እግር ላይ ይጠመጠማል። ጫፉ አይቋጠርም፣ ቋጠሮ ቁጥቋጦ ውስጥ ይሰነቀራል። ጓንት የግድ ነው፤ 25 ኪሎ የሚመዝን ፖይንተር ወፍ ስትነሳ ሲፈተለክ ገመዱ መዳፍ ይልጣል።

አያያዙን ከመጽሐፍ ሥዕል የተማረና አጠገብ ቆሞ ያየ ሰው በእጃቸው ይለያያሉ። ገመዱ ከአንገት ቀበቶው ላይ ተነሥቶ በጀርባው ይመጣና፣ ከኋላ እግሮቹ ፊት ለፊት፣ ወገቡ ላይ አንድ ዙር ይዞራል፤ በራሱ ሥር ሾልኮ ይወጣል። ሲሳብ ወገቡን ያዝ ያደርገዋል፣ ውሻውም ወደ ፊት የሚገፋበት ኃይል ከኋላ እግሩ ስለሆነ ይቆማል። ጀማሪው ይስባል፣ መሳቡንም ይቀጥላል። የለመደው እጅ ግን ለቅጽበት ብቻ ያዝ አድርጎ ያላላዋል፤ ገመዱ ወዲያው መሬት ይነካል። ውሻው የሚማረው ሲያዝ ሳይሆን ሲላላ ነው፦ ቆምኩ፣ ቀለለኝ። ገመዱ እንደተወጠረ ከቀረ፣ ውሻው የቆመው ገመዱ ስላቆመው ነው፤ ሲፈታ ይሄዳል። ዴልማር ስሚዝ ዝምታን የመረጠበት ምክንያት የሚገባው እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ እጅ ይህን ሲማር አፍ መዝጋት አለበት።

መቆሙ በጓሮ ከአምስት ሰከንድ ይጀምራል። ቀስ በቀስ አንድ ደቂቃ ይደርሳል፤ ከዚያ አሠልጣኙ ይርቃል፣ ይዞረዋል፣ ቆቡን ይወረውራል፣ በመጨረሻ ከእጁ እርግብ ይለቃል። ውሻው ከተንቀሳቀሰ አይጮኹበትም፤ አንስቶ አራቱንም እግሮቹን ቀድሞ ወደ ነበሩበት መመለስ ነው። ግማሽ ሜትር ፈቀቅ ያለውን «ይሁን» ብሎ የሚያልፍ ሰው፣ ሜዳ ላይ ወደ ወፏ የሚሳብ ውሻ ይገጥመዋል።

አሁን ወፎቹ። ለሥልጠና የሚመረጠው የቤት እርግብ ነው፤ ቤቷን የለመደች እርግብ ተመልሳ ስለምትገባ ደርዘን እርግብ ለረጅም ጊዜ ያገለግላል። ከኬጅ የወጣች ድርጭት ርካሽ ናት፣ ግን ክንፏ ደካማ ነው፤ በተለይ ማለዳ ጤዛ ካረጠባት መብረር ያቅታታል፣ ውሻው ይይዛታል። እዚህ ላይ ነው ተረታችን የሚሠራው፦ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። አንዴ የያዘ ውሻ መያዝ እንደሚቻል አውቋል፣ ያችን አንዲት ወፍ ለማስረሳት ሳምንታት ይፈጃል። የአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት ቦብዋይት ድርጭት ለዚህ ሙያ ተስማሚ የሆነችው በሣር ውስጥ ተሸሽጋ ስለምትቆይ ነው። የእኛ ቆቅ መሮጥ ትወዳለች፤ ነቄውን ሰው «ቆቅ ነው» የምንለው በከንቱ አይደለም። ሯጭ ወፍ ለለጋ ውሻ አስቸጋሪ አስተማሪ ናት።

እርግቧ በስፕሪንግ በሚሠራና በርቀት መቆጣጠሪያ በሚከፈት ማስወንጨፊያ ሣጥን ትቀመጣለች። ሽታዋ እንደ ጭስ ነው፦ ምንጩ ላይ ቀጭን፣ ነፋስ ሲወስደው እየሰፋ የሚሄድ። ስለዚህ ውሻው ፊት ለፊት ወደ ሣጥኑ አይመራም፤ ነፋሱን አቋርጦ፣ በጎን፣ ከሣጥኑ 15 ሜትር ያህል ርቆ ያልፋል። ሣጥኑን ያስቀመጠው ሰው ውሻው በሚመጣበት መስመር መራመድ የለበትም፤ አለዚያ ውሻው የሚከተለው የጫማ ሽታ ይሆናል። ብዙ ጀማሪ «ይሄ ውሻ ጎበዝ ነው፣ ሁሌም ያገኛል» የሚለው የራሱን ዱካ የሚከተለውን ውሻ ነው። ሣጥኑም ራሱ ይሸታል። ስለዚህ ባዶ ሣጥን ሌላ ቦታ ይቀመጣል፣ ቦታውም በየቀኑ ይቀየራል።

ወደዚያች ቅጽበት ልመለስ። ውሻው በጎን እየሮጠ ሳለ ጭራው መወዛወዙ ይፈጥናል፤ ገና አላገኘም፣ ጠርጥሯል። ቀጥሎ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ ቀድሞ ወደ ነፋሱ ይዞራል፣ ሰውነቱ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዶ ኋላ ይከተላል። አገኘ የሚባለው ይህ ነው። እዚህ ላይ ከደረቀ ማንም ምንም አይልም፣ እጅም ገመዱ ላይ አይከብድም። ከዚህ በኋላ አንድ እርምጃ ወደ ወፏ ከወሰደ እርግቧ ትለቀቃለች። በሁለተኛው እርምጃ ሳይሆን በመጀመሪያው። ውሻው የሚደመድመው ቀላል ነው፦ ስሄድ ትበራለች፣ ስቆም ትቆያለች። ዘግይቶ የለቀቀ ሰው መጠጋትን አስተማረው፤ ጭንቅላቱ ሳይዞር የለቀቀ ደግሞ ወፍ ከየትም ዝም ብላ እንደምትነሳ አስተማረው። ሣጥኑ 5 ሜትር ላይ ከተከፈተም ድምፁና ክንፉ ለጋ ውሻን ያስደነግጣል፤ ለዚህ ነው ርቀቱ የተጻፈው።

ወፏ ስትበር ውሻው ቢያሳድድስ? መጀመሪያ አካባቢ ያሳድድ፤ ፍላጎቱ ገና ሲታነጽ ነው። የሚቆጡት ሰዎች ናቸው እያወቀ እንዳላወቀ የሚያልፍ ውሻ የሚያተርፉት። እንዲህ ያለው ውሻ ሽታውን ያገኛል፣ ጭንቅላቱ ይዞራል፣ ከዚያ ዞር ብሎ ይሄዳል፤ ምክንያቱም ወፍ ባለበት ተመትቷል፣ ወይም የኤሌክትሪክ አንገትጌው እዚያ ላይ ቆንጥጦታል። ውሻ የሚያያይዘው ሕመሙንና ከፊቱ ያለውን ነገር ነው፣ የእኛን ምክንያት አይደለም። አንገትጌው መሣሪያነቱን አልጠላም፤ ግን ቦታው ውሻው ጓሮ ውስጥ የሚያውቀውን ትእዛዝ ሜዳ ላይ ለማስታወስ ነው፣ ያውም ጆሮውን ብቻ በሚያነቃንቅበት ዝቅተኛ ደረጃ።

ተኩስን መፍራትም እንዲሁ የሰው ሥራ ነው። ትክክለኛው አካሄድ አሰልቺ ነው፦ ውሻው የበረረች እርግብ እያሳደደ፣ ልቡ እሷ ጋ ሳለ፣ 80 ወይም 100 ሜትር ርቆ አንድ ባዶ የሽጉጥ ተኩስ። ዞሮ ካላየ በሌላ ቀን ትንሽ ይጠጋል። ጆሮውን ከጣለ ወይም ማሳደዱን ካቋረጠ ለቀናት ተኩስ የለም፣ ወፍ ብቻ። ከዚያ ድምፁ ቀለል የሚለው ባለ 20 ጌጅ የወፍ ጠመንጃ፣ በመጨረሻ ከፍ የሚለው ባለ 12። ሰው ቡችላውን «ይልመድ» ብሎ ወደ ተኩስ መለማመጃ ሜዳ ሲወስደው ይህ ሁሉ በአንድ ከሰዓት ይበላሻል።

መካሪ የት ይገኛል ለሚል፦ በ1896 የጀመረው የአሜሪካ የወፍ አዳኝ ውሾች ብሔራዊ ሻምፒዮና በቴኔሲ ግዛት፣ ግራንድ ጃንክሽን አጠገብ ባለው ኤምስ ፕላንቴሽን ለብዙ ዘመን ተካሂዷል፤ ውሻው ለሦስት ሰዓት ይሮጣል፣ ተመልካቹም በፈረስ ይከተላል። ከዚያ የቀለለው በ1969 የተመሠረተው ናቭዳ የሚባለው የሰሜን አሜሪካ ሁለገብ አዳኝ ውሾች ማኅበር ነው፤ ቅርንጫፎቹ የሥልጠና ቀን አላቸው። እዚያ የሄደ ጀማሪ የራሱን ውሻ ለማሳየት ይቸኩላል። የሚጠቅመው ግን የሌላ ሰው ሣጥን መሸከም፣ እርግብ ማስገባት፣ ገመድ መያዝ ነው፤ መካሪው ለምን አሁን እንደለቀቀ ለማየት ከውሻው ጋር እጁንም ማየት የሚቻለው ያኔ ነው። ሁለት መካሪ መያዝ ደግሞ ለውሻው ጥሩ አይደለም። አንዱ ወገብ ላይ በሚዞር ገመድ፣ ሌላው ውሻው እንዲቆምበት በሚደረግ ጣውላ ያስተምራል፤ ሁለቱም ይሠራሉ፣ ተቀላቅለው ግን አይሠሩም።

ለአንድ ቀን ሦስት ወፍ ይበቃል። ሦስተኛዋ በርራ ወደ ቤቷ ስትዞር፣ ውሻው በሜዳው ዳር በተዘረጋ አንድ ረጅም ሰንሰለት ላይ፣ ከሌሎቹ ውሾች ጎን፣ በራሱ አጭር ሰንሰለት ይታሰራል። ይወጥረዋል፣ ይጮኻል፣ ይተወዋል፤ ከዚያ ተቀምጦ የሚቀጥለው ውሻ ሲወጣ ያያል።