ከፈንታሌ በኋላ ጣና ዳር

በአዋሽ አቅራቢያ ባለው በፈንታሌ እሳተ ገሞራ ተራራ አካባቢ መሬት ተሰንጥቆ ካየሁ ወዲህ ከተማ የማይበት ዓይን ተለውጧል። በ2017 ዓ.ም. እዚያ መንቀጥቀጡ ለወራት ሲደጋገም አስፋልት ተሰነጠቀ፣ ቤቶች ፈረሱ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ወጡ። ባሕር ዳር ስገባም ዓይኔ ከዘንባባዎቹ አልፎ የሕንፃዎቹን እግር ይፈልግ ነበር።

በማግስቱ በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርን። ጣና ስፋቱን ላየ ጥልቅ ይመስላል፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ ግን 14 ሜትር ገደማ ነው። ሦስት የተሰበሩና ዝቅ ያሉ የመሬት ቁራጮች በሚገናኙበት ጎድጓዳ ላይ፣ ቀልጦ የፈሰሰ ባዛልት የዓባይን መውጫ ሲገድበው የተጠራቀመ ውኃ ነው። የጭስ ዓባይ ፏፏቴም የሚወረወረው ከዚያው ጥቁር ድንጋይ ላይ ነው። ይህ ረጋ ያለ ሐይቅ ራሱ መሬት የተሰበረበትን ቦታ ሸፍኖ ይተኛል።

ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስንደርስ ሌሎቹ ሥዕሎቹን ሲያዩ እኔ በግድግዳው ላይ ቆየሁ። እንጨት፣ ጭቃና ጭድ! መንቀጥቀጥ ሕንፃን የሚገፋው በክብደቱ ልክ ነው፤ ቀላልና በማገር የተሳሰረ ግድግዳ ይወዛወዛል፣ ምርጊቱ ይረግፋል፣ በአንድ ጊዜ ግን አይናድም። በጭቃ ብቻ የተካበ ድንጋይ ግን መጀመሪያ ማዕዘኑ ላይ ይከፈታል፤ ከዚያ ግድግዳው ወደ ውጭ ሲወድቅ ጣሪያው ደጋፊ ያጣል። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ በሰሜን ሸዋ ማጀቴ የተባለችውን ከተማ ያፈረሰ፣ መሬቱንም የሰነጠቀ ነበር። ከሐይቁ በስተሰሜን ጎንደር ላይም የኢያሱ ቤተ መንግሥት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1704 በመንቀጥቀጥ ተጎድቷል። ባሕር ዳር ከስምጥ ሸለቆው ርቃ ስለምትገኝ ስጋቷ ከአዋሽና ከአዳማ ያንሳል፤ ያንሳል ማለት ግን የለም ማለት አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ደንገል የበቀለበትን ዳርቻ ይዤ በእግሬ ሄድኩ። የሚያሳስበኝ ይህ እርጥብ አፈር ነው። በ1985 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሜክሲኮ ሲቲን ያፈረሰው መንቀጥቀጥ የተነሣው ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነበር፤ ከተማዋ የተሠራችበት የጥንት ሐይቅ ጭቃ ግን ንዝረቱን አጎላው። በጃፓኗ ኒጋታ ደግሞ በዚያው አቆጣጠር በ1964 ውኃ የጠገበው አሸዋ ሲናወጥ ጥንካሬውን አጥቶ እንደ ፈሳሽ ሆነ፤ የመኖሪያ ሕንፃዎች ግድግዳቸው ሳይፈርስ በጎናቸው ተጋደሙ። ስለዚህ ያው አንድ ንዝረት የቤዛዊትን ኮረብታ ድንጋይና የሐይቁን ዳር እኩል አይመታም።

ግንባታ ላይ ካለ አንድ ፎቅ አጠገብ ቆምኩ። ምድር ቤቱ ለሱቅ ተብሎ ባዶ ምሰሶ ብቻ ነው፤ ከላይ ግን ክፍሎቹ ሁሉ በብሎኬት ተሞልተዋል። እንዲህ ያለ ሕንፃ ሲናወጥ ላይኛው እንደ አንድ ሣጥን ይንቀሳቀሳል፣ ጫናውን ሁሉ የታችኛው ምሰሶ ይሸከማል፣ ፎቁም ምድር ቤቱ ላይ ይቀመጣል።

«ጋሼ፣ ለዚህ ምን ይደረጋል?» አልኳቸው ብረት የሚያስሩትን አረጋዊ።

«ቀረብ ብለህ እይ ልጄ» አሉና የምሰሶውን ቋሚ ብረቶች ዙሪያቸውን የሚጠመጥመውን ቀጭን ብረት፣ ስታፋውን፣ አሳዩኝ። ጫፉ ወደ ውስጥ፣ ወደ ምሰሶው እምብርት ታጥፏል። «ቶሎ ለመጨረስ ቀጥ ባለ ማዕዘን ብቻ የሚያጥፉት አሉ። ኮንክሪቱ ሲላጥ ይከፈታል።»

ያጠፉት በ135 ዲግሪ ነው፤ ለመንቀጥቀጥ የሚመከረውም ይኸው ነው። ተጨማሪ ብረት የሚጠይቀው ጥቂት ነው፤ ብዙ የሚጠይቀው እጅና ትዕግሥት ነው።

«ኮንክሪት ከተሞላ በኋላስ ማን ያየዋል?» አልኳቸው።

«ማንም።»

ባሕር ዳር ላይ ቤት የምታሠሩ ሁሉ፣ ሙሌት ከመጀመሩ በፊት ባለው ቀን ከመሐንዲሳችሁ ጋር ሄዳችሁ ስታፋውን በዓይናችሁ እዩ፤ አንድ በአንድ ፎቶ አንሱት።