ወላጅን ወደ ቤታችሁ ከማምጣታችሁ በፊት

አባት አርፈው እናት ብቻቸውን ሲቀሩ ልጆች ተሰብስበው በመጀመሪያ የሚነጋገሩት «ማን ጋ ይሁኑ?» በሚለው ነው። ከፍቅር የሚነሣ ጥያቄ ስለሆነ ማንም አይቃወመውም። በእኔ እምነት ግን ተራው ሁለተኛ ነው። የመጀመሪያው «በሳምንት ውስጥ ከማን ጋር ያወራሉ? የሆዳቸውንስ ለማን ያጫውታሉ?» የሚለው መሆን አለበት። ይህ ሳይታወቅ የሚደረግ የቤት ለውጥ ብዙ ጊዜ ብቸኝነቱን ከዕቃው ጋር ጭኖ ወደ አዲሱ ቤት ያስገባዋል።

ሦስት ነገሮች ሲምታቱ አያለሁ። ብቻን መኖር ማለት በቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው የለም ማለት ብቻ ነው። ከሰው መራቅ በቁጥር ይታወቃል፤ ስንት ሰው ያገኛሉ? ብቸኝነት ግን የሚፈልጉት ቅርበት ካገኙት ሲበልጥ የሚሰማ ስሜት ነው። ብቻቸውን እየኖሩ ብቸኝነት የማያውቃቸው አሉ። ጠዋት ሁሉም ወጥቶ ማታ ሁሉም ደክሞ በሚገባበት ቤት ተቀምጠው፣ ከሰላምታ ያለፈ ወሬ ሳያወሩ የሚውሉም አሉ።

ይህን ለመለየት በግምት መሄድ አያስፈልግም። በጥናት የተፈተሹ ሁለት አጫጭር መጠይቆች አሉ። የመጀመሪያው ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው፦ የሚያጫውትዎ ሰው እንደጎደለዎ፣ ሰዎች እንደተዉዎ፣ ከሌሎች ተነጥለው እንዳሉ ምን ያህል ጊዜ ይሰማዎታል? «ከስንት አንዴ» 1፣ «አንዳንድ ጊዜ» 2፣ «ብዙ ጊዜ» 3 ነጥብ ይሰጠዋል። ድምሩ ከ3 እስከ 9 ሲሆን፣ 6 እና ከዚያ በላይ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ብቸኝነት ይቆጠራል። «ብቸኝነት ይሰማዎታል?» ብሎ በቀጥታ አለመጠየቁን እወደዋለሁ፤ እንደዚያ ሲጠየቁ ብዙዎችን «አዎ» ለማለት ኩራታቸው አይፈቅድላቸውም።

ሁለተኛው የሉበን መጠይቅ ይባላል። ስድስት ጥያቄ ነው፤ ሦስቱ ስለ ዘመድ፣ እነዚያው ሦስቱ ደግሞ ስለ ወዳጅ። በወር ቢያንስ አንድ ጊዜ ከስንቱ ጋር ይገናኛሉ ወይም ይደዋወላሉ? የግል ጉዳይዎን ሳይሳቀቁ ለስንቱ ይነግራሉ? ችግር ቢገጥምዎ «ድረሱልኝ» የሚሉት ስንቱን ነው? ማንም ከሌለ 0፣ አንድ ሰው 1፣ ሁለት 2፣ ሦስት ወይም አራት 3፣ ከአምስት እስከ ስምንት 4፣ ዘጠኝና ከዚያ በላይ 5። ከ30 ድምሩ ከ12 ካነሰ ከሰው የመነጠል ስጋት አለ።

ነገሩ የሚበላሸው አጠያየቁ ላይ ነው። ልጅ ወይም ምራት አጠገብ ተቀምጦ ከተጠየቁ መልሱ «ምን ጎድሎብኝ!» ነው። ለብቻቸው ይጠየቁ። ከዚያ ሁለቱን ውጤት አጣምሮ ማየት ነው። የሚያገኙት ሰው ጥቂት ሆኖ ብቸኝነት ካልተሰማቸው ተዉአቸው፤ ዕድሜ ሲገፋ ትውውቅን አጥብቦ የቅርቦቹን ብቻ መያዝ የተለመደ ነው እንጂ ሕመም አይደለም። ለእነዚህ ሰዎች የሚያስፈልገው ክፉ ቀን ቢመጣ የሚደርስ፣ የቤቱን ቁልፍ የያዘ ጎረቤት ነው። በተቃራኒው ቁጥሩ ሞልቶ ብቸኝነቱ ከፍ ካለ፣ እንግዳ ማብዛት አይረዳም። ያኔ ጆሮ፣ ሐዘን፣ ድባቴ ወይም በቤቱ ውስጥ ያለው አያያዝ ይታይ። የመጨረሻውን አትዝለሉት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ 6 ሰዎች በ1ዱ ላይ የሆነ ዓይነት በደል ይደርሳል፤ ስድብ፣ ችላ መባልና ገንዘብን መቀማትም ከዚሁ ይቆጠራሉ።

ጆሮ ላይ ቆም ልበል፣ ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው እሱ ነውና። መስማት የቀነሰባቸው ሰው «ምን አልክ?» ማለት ይሰለቻቸዋል፤ ከዚያ ራስ መነቅነቅ ይጀምራሉ፣ ቀጥሎ ከጨዋታው ይወጣሉ። ቤተሰቡም «ጃጁ» ይላል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን በ2024 ከመርሳት በሽታ ጋር አያይዞ ከዘረዘራቸው 14 መከላከል የሚቻሉ አጋላጭ ምክንያቶች መካከል የመስማት መቀነስ፣ የእይታ መቀነስ፣ ድባቴና ከሰው መነጠል ይገኙበታል። አራቱ እርስ በርስ የሚሳሳቡ ናቸው። መጀመሪያ ጆሯቸው በኩክ ተደፍኖ እንደሆነ ይታይ፤ ጥጥ የተጠቀለለበት እንጨት ኩኩን ወደ ውስጥ ስለሚገፋው አይነካካ። የመስሚያ መሣሪያ ከታዘዘ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለዓመታት ጸጥታ የለመደ አእምሮ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሳህን ድምፅ እንኳ ይረብሸዋል፤ ሰውየውም «አልሆነኝም» ብለው ያወልቁታል። ጸጥ ባለ ክፍል፣ ከአንድ ሰው ጋር፣ በቀን ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ያህል ተጀምሮ በየጥቂት ቀኑ ይጨመር፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላም ለማስተካከያ ወደ ባለሙያው ይመለሱ። ጣታቸው ለሚንቀጠቀጥ ባትሪ ከሚቀየርለት ይልቅ በቻርጅ የሚሠራው ይሻላል። እናንተም ቴሌቪዥኑን ዝጉ፣ ብርሃን ፊታችሁ ላይ እንዲያርፍ ሁኑና ከአንድ ሜትር ርቀት ሳትጮኹ ተናገሩ። ካልገባቸው ያንኑ ቃል አትድገሙ፤ በሌላ አባባል በሉት። ብዙ ሰው ባለበት ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው ጥግ ላይ ይቀመጡ።

ከሰው የመራቅ ሌላው የማይነገር ምክንያት ሽንት ነው። ያመልጠኛል ብለው ሲሰጉ መውጣት ያቆማሉ፣ ውሃ መጠጣትም ይቀንሳሉ፤ ከዚያ የሰውነት ድርቀትና ማዞር ይከተላል። በጨዋ ደንብ «ወጣ ሲሉ ሽንት ያስቸግርዎታል?» ብሎ መጠየቅ ነው። የደም ግፊት መድኃኒታቸው ሽንት የሚያበዛ ከሆነ የሚወስዱበት ሰዓት ይቀየር እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ።

ድባቴ ራሱን የቻለ ሕመም ነው፣ በጉብኝት ብቻ አይድንም። በአረጋውያን ላይ «አዝኛለሁ» ሳይባል ሊመጣ ይችላል፤ ቁርጥማት፣ የሆድ ሕመም፣ ሌሊት ነቅቶ ማደር፣ ክሳት፣ ይወዱት የነበረውን መተው፣ መርሳት። ሁለት ሳምንት ከቆየ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። እዚያ ለአረጋውያን ድባቴ መለያ የተዘጋጀ፣ «አዎ» ወይም «አይ» ተብሎ የሚመለስ የ15 ጥያቄ መጠይቅ አለ፤ 5 እና ከዚያ በላይ ካመጡ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል። የታይሮይድ፣ የቫይታሚን ቢ12 እና የደም ማነስ ምርመራ እንዲሁም የሚወስዱት መድኃኒት ሁሉ ይታይ። የድባቴ መድኃኒት ሲጀመር በሁለት ሳምንት ለውጥ አላመጣም ብሎ ማቆም ስህተት ነው፤ በዚህ ዕድሜ ዘግይቶ ሊሠራ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ማዞር፣ መውደቅ ወይም ግራ መጋባት ከታየ በደማቸው ያለው ሶዲየም ቀንሶ ሊሆን ስለሚችል በፍጥነት ይመርመሩ። በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት መቀባዠር ከጀመሩ ድባቴም እርጅናም አትበሉት፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረሱ። «መኖር ሰልችቶኛል» ሲሉም «ተዉ እንዲህ አይባልም» ብሎ አፍ ማስያዝ አይገባም። ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ ወይ ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልባቸውም። «አዎ» ካሉ ብቻቸውን አይተዉ፣ የተከማቸ መድኃኒት ከእጃቸው ይራቅ፣ የሐኪም እርዳታ በዚያው ቀን ይፈለግ።

በርቀት ላላችሁ ስልክ ከሚገመተው በላይ ይሠራል። በኮቪድ ወቅት በ2020 በአሜሪካ 240 ሰዎች፣ አብዛኞቹ አረጋውያን፣ ለ4 ሳምንት በተሳተፉበት ሙከራ፣ ግማሾቹን አጭር ሥልጠና የወሰዱ ወጣቶች እየደወሉ ያወሯቸው ነበር። በመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት በየቀኑ፣ ከዚያ የሚደወልላቸው ሰዎች በመረጡት መጠን። ካልተደወለላቸው ጋር ሲነጻጸር ብቸኝነት፣ ድባቴና ጭንቀት ቀንሷል። የወሬውን ርዕስ የሚመርጡትም የሚደወልላቸው ነበሩ፣ ቁም ነገሩም ይኸው ነው። የብዙዎቻችን ጥሪ «በሉ? መድኃኒት ወሰዱ?» ተብሎ የሚዘጋ ቁጥጥር ነው። ሰዓቱ የታወቀ የ10 ደቂቃ ጥሪ፣ ትናንት ከነገሯችሁ ነገር የሚጀምር፣ ድንገት በወር አንዴ ከሚመጣ ረጅም ጥሪ ይበልጣል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ማዛወር ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፦ ደጋግመው ከወደቁ፣ እሳት ሳያጠፉ ከተኙ፣ መንገድ ከጠፋቸው፣ መድኃኒት ካምታቱ። ከዚህ ውጪ ግን መጀመሪያ ከ4 እስከ 6 ሳምንት የሙከራ ጊዜ ይኑር፤ ያኛው ቤት ሳይለቀቅ፣ ሳይሸጥ። የሚዘጋ በር ያለው የራሳቸው ክፍል፣ የራሳቸው አልጋና ወንበር፣ የውጭ በር ቁልፍ፣ ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት የሚያደርስ መብራት ይዘጋጅ። የድሮ ጎረቤቶቻቸው ስልክ በትልልቅ ቁጥር ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። «አርፈው ይቀመጡ» የሚለውን ደግነት ደግሞ እፈራዋለሁ። ሰው የሚያርፈው ሠርቶ ሲደክም ነው። ባይሠሩት ቤቱ የሚያስተውለው አንድ ሥራ ይስጧቸው፤ የሕፃን የቤት ሥራ ማየት፣ ደረሰኝ መያዝ፣ አትክልት ማጠጣት። ሙከራው ሲያልቅ ልጆቹ ሳይሆኑ ሌላ የሚያምኑት ሰው ለብቻቸው ይጠይቃቸው፣ «አልፈልግም» ማለትም እንደ መልስ ይወሰድ። እንዲህ ካሉ በራሳቸው ቤት መታጠቢያው ላይ የእጅ መያዣ ይገጠም፣ ቁልፍ የሚይዝ ጎረቤት ይመረጥ፣ የጥሪው ሰዓት ተቆርጦ ማን በየትኛው ቀን እንደሚደውል ይጻፍ።