ልጅቷ አይጠማትም እንዴ?

የልብ ወለዴን የመጀመሪያ ረቂቅ ለአንድ የ15 ዓመት ልጅ ሰጠሁት። ጫካ ውስጥ ብቻዋን የጠፋች የ16 ዓመት ልጅ ታሪክ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ለፍቼበታለሁ። በሦስተኛው ቀን መልሶ አመጣው። "አሪፍ ነው" አለኝ። ፊቱ ግን አሪፍ አይልም። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና፣ "ልጅቷ አይጠማትም እንዴ?" አለ።

"እንዴት አይጠማትም!" ብዬ ልከራከረው ነበር። ማታ ረቂቁን እያገላበጥኩ ቆጠርኩ። በ12 ቀን ውስጥ ውሃ የጠጣችው ሁለቴ ነው። ነብር አባርራለች። ገደል ወርዳለች። የሞላ ወንዝ በገመድ ተሻግራለች። ሁለቴ ጠጥታ።

መጽሐፉን እንደ አዲስ ጻፍኩት። ይህ የዚያ የሁለተኛው ዙር ወሬ ነው።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። ከመጻፌ በፊት ሰው በሌለበት ዱር በሕይወት ስለመቆየት ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤ ነበር። ያነበብኩት እንዳይባክን ብዬ ሁሉንም በልጅቷ አፍ አስወራሁት። በኮከብ አቅጣጫ ታውቃለች። የሚበላውን ቅጠል ከማይበላው ትለያለች። ወጥመድ ትሠራለች። ቁስል ትሰፋለች። ልጅ ሳትሆን እግር ያወጣ የመመሪያ መጽሐፍ ነበረች። እሷ የምታውቀው ነገር በበዛ ቁጥር አንባቢው የሚፈራላት ነገር ያንሳል። ይሄ የገባኝ በጣም ዘግይቶ ነው።

ከዚያ በእውነት ከጫካ የወጡ ልጆችን ታሪክ እንደገና አነበብኩ። ጁሊያነ ኮፕከን ብዙዎች ያውቋታል። በታኅሣሥ 24 ቀን 1971 እ.ኤ.አ. የተሳፈረችበት አውሮፕላን በመብረቅ ተመትቶ በፔሩ ደን ላይ ተበታተነ። ከ92 ሰዎች የተረፈችው እሷ ብቻ ናት። ዕድሜዋ 17 ነበር። ከወንበሯ ጋር እንደታሰረች 3 ኪሎ ሜትር ያህል ወደቀች። ከዚያ 11 ቀን በደኑ ውስጥ ተጓዘች። ከአንገቷ ሥር ያለው የትከሻ አጥንቷ ተሰብሮ፣ መነጽሯ ጠፍቶ፣ በአንድ እግር ጫማ። ግን ወላጆቿ የእንስሳት ተመራማሪዎች ነበሩ። ደኑ ውስጥ ባለ የምርምር ጣቢያ ከእነሱ ጋር ኖራለች። "ምንጭ ካገኘሽ ውሃውን ተከትለሽ ውረጂ፣ ሰው ታገኛለሽ" የሚለውን ያስተማራት አባቷ ነው። ክንዷ ላይ ትል ባፈራው ቁስል ላይ ቤንዚን ማፍሰሷም እንዲሁ ከመሬት የመጣ ሐሳብ አይደለም፤ አባቷ አንድ ጊዜ ለውሻ ሲያደርገው አይታለች።

በ2023 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ አማዞን አውሮፕላን ተከስክሶ 40 ቀን የቆዩት አራት ወንድምና እህቶችም እንደዚሁ ናቸው። ትልቋ 13 ዓመቷ ነበር፤ ትንሹ ልጅ አንድ ዓመት የሞላው እዚያው ጫካ ውስጥ ነው። መጀመሪያ የበሉት አውሮፕላኑ ላይ የነበረ የካሳቫ ዱቄት ነበር። ስለ ደኑ ደግሞ ከቤተሰብ የወረሱት እውቀት ነበራቸው።

እዚህ ላይ ነው ራሴን የያዝኩት። እነዚህ ልጆች የሚያውቁት እያንዳንዱ ነገር አስተማሪ አለው። የእኔዋ ልጅ ግን ሁሉንም የምታውቀው እኔ ስላወቅኩት ብቻ ነው። ስለዚህ እውቀቷን ገፈፍኩት። ሦስት ነገር ብቻ ተውኩላት፤ ለሦስቱም ማን፣ መቼ፣ የት እንደነገራት ጻፍኩ። ከሦስቱ አንዱን ደግሞ ሆን ብዬ ስህተት አደረግኩት። አጎቷ "የዛፍ ሽበት የሚበቅለው በሰሜን በኩል ነው" ብሏታል። እርጥበት ባለበት ጥቅጥቅ ደን ውስጥ ሽበት፣ ግንድ ላይ የሚለጠፈው ያ አረንጓዴ ነገር፣ በሁሉም በኩል ይበቅላል። እሷ ግን አጎቷን ታምነዋለች።

በ2009 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ የሚገኙ ተመራማሪዎች ሰዎችን በደንና በሰሐራ በረሃ አስኪደው ተከታትለዋል። ፀሐይ ወይም ጨረቃ ስትታይ ሰው በጥሩ ሁኔታ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሰማዩ ሲደመን ግን ሳያውቀው ይዞራል፤ አንዳንዱም የራሱን ዱካ መልሶ ያቋርጣል። ይህን ሳነብ የመጽሐፉ ወገብ ተገኘ አልኩ። ልጅቷ በደመናማ ቀን ሽበት እያየች ከጠዋት እስከ ማታ ትሄዳለች። ማታ አመድ ታገኛለች። ሰው አለ ብላ በደስታ ልትጮህ ትደርሳለች። ከአመዱ አጠገብ የተቀጠቀጠች የራሷ ጠርሙስ አለች። ለዚህ ትዕይንት ነብር አላስፈለገኝም። ነብሩን ከመጽሐፉ አባረርኩት። (እንደ እውነቱ ትንሽ አሳዝኖኛል፤ ቆንጆ ነብር ነበር።)

አንድ ሌላ ነገር ለሳምንታት አስጨነቀኝ። የጠፋ ሰው ማድረግ ያለበት ትክክለኛ ነገር ባለበት መቆየት ነው። ፈላጊዎች የሚጀምሩት መጨረሻ ከታየበት ቦታ ነው። ግን ቁጭ ያለች ልጅ 60 ሺህ ቃል ልብ ወለድ አትሸከምም። በመጀመሪያው ረቂቅ ዝም ብላ ተነስታ ትሄዳለች፤ ለምን ቢባል እኔ ስለፈለግኩ። መፍትሔው ከጫካው ሳይሆን ከቤቷ መጣ። ስትወጣ ለእናቷ ዋሽታለች። "ጓደኛዬ ጋ አድራለሁ" ብላለች። ስለዚህ ማንም አይፈልጋትም፤ ቢፈልጓትም ሌላ ቦታ ነው። ይህን የምታስታውስበት ገጽ አጭር ነው፤ ከመጽሐፉ ሁሉ በጣም የምወደው ግን እሱን ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ እርምጃዋ የዚያ ውሸት ዕዳ ሆነ።

አሁን ወደ ጥሙ። አንድ ባለ መስመር ደብተር ገዛሁ። ለእያንዳንዱ የታሪኩ ቀን አንድ ገጽ። እንዲህ ይላል፦ "ቀን 4። ክብሪት 3። ውሃ ግማሽ ጠርሙስ፣ ያልፈላ። ከበላች 31 ሰዓት። ግራ ቁርጭምጭሚት አብጧል። ሰማይ ደመና።" አንድ ምዕራፍ ከመጀመሬ በፊት ገጹን አነባለሁ። ስጨርስ ደግሞ አስተካክላለሁ። አሰልቺ ሥራ ነው። ግን በምዕራፍ 5 ወንዝ የወሰደው ቢላ በምዕራፍ 11 ገመድ ሲቆርጥ የያዘው ይሄ ደብተር ነው። ሌላም ነገር አሳየኝ። ሰው ያለ ምግብ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ ያለ ውሃ የቀናት ጉዳይ ነው፤ በብርድና በዝናብ ያለ መጠለያ ግን የሰዓታት ሊሆን ይችላል። እኔ በመጀመሪያው ቀን ያሰራኋት ወጥመድ ነበር! ወጥመድ መጻፍ ደስ ይላላ። መጠለያ መጻፍ ቅርንጫፍ መጎተት ነው። አስጎተትኳት።

እሳቱን ግን ከደብተር ማምጣት አልቻልኩም። እንጨት በእንጨት አፋትጋ እሳት የምታወጣበት ምዕራፍ ነበረኝ፤ ግማሽ ገጽ፣ ንጹሕ፣ ውሸት። ራሴ ልሞክረው ብዬ ተነሳሁ። ጠፍጣፋ ደረቅ እንጨት መሬት ላይ ይጋደማል። ጠርዙ አጠገብ ትንሽ ጉድጓድ፣ ከጉድጓዱ እስከ ጠርዙ ደግሞ ስንጥቅ ይበጅለታል። ሌላ ቀጥ ያለ እንጨት ጉድጓዱ ላይ ይቆማል። የደጋን ገመድ ይጠመጠምበታል። ደጋኑን ወዲህና ወዲያ ሲስቡት እንጨቱ ይሾራል፤ ከላይ በግራ እጅ ይጫኑታል።

የመጀመሪያው ማታ ያገኘሁት ጩኸት ብቻ ነው። እንጨቱ እርጥብ ነበር። በሁለተኛው ጭስ ወጣ። ጭስ ሳይ በደስታ አቆምኩ፤ ጭስና እሳት አንድ እንዳልሆኑ ያኔ ተማርኩ። መዳፌ ውሃ ቋጠረ። በአራተኛው ማታ የሚወርደው ብናኝ ቀለሙ መለወጡን አየሁ። ፈዛዛ ቡናማ ሲሆን ዋጋ የለውም። ወደ ጥቁር ሲጠጋ ነው ነገር ያለው። በአምስተኛው ማታ ደጋኑን አስቀምጬ፣ ብናኙ ብቻውን መጨሱን ቀጠለ። ትንሽ ቀይ ነጥብ። ትንፋሼን ይዤ ጎንበስ አልኩ። ከአፍንጫዬ ጫፍ አንዲት የላብ ጠብታ ወረደች። ጠፍ። አለቀ።

ሳቅኩ ልበል ወይስ ልዋሽ? ሰደብኩ። በስተመጨረሻ ተሳክቶልኛል፤ ፍሙን ደረቅ ሣር ውስጥ አስገብቼ ቀስ ብዬ እፍ እያልኩ። መጽሐፉ ውስጥ የገባችው ግን ያቺ ጠብታ ናት። ምዕራፉ አሁን ስምንት ገጽ ነው።

ብርዱን አልሞከርኩትም፤ እዚያ ድረስ ጀግና አይደለሁም። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ ምን እንደሚሆን አነበብኩ። ጣት አልታዘዝ ይላል። ምላስ ይተሳሰራል። ሐሳብ ይደነዝዛል። አንዳንድ ሰው ሊሞት ሲቃረብ ሞቀኝ ብሎ ልብሱን ያወልቃል። ይህን በማብራሪያ ልጽፈው ሞከርኩ፤ የጤና ትምህርት መሰለ። ሰረዝኩት። ከዚያ ዓረፍተ ነገሮቹን ራሳቸውን አቀዘቀዝኳቸው። መጀመሪያ ረጅም ናቸው። ከዚያ ያጥራሉ። ከዚያ ቃል መርሳት ትጀምራለች፤ ዚፑን "ያ ነገር" ትለዋለች። ጃኬቷን ስታወልቅ ምክንያቱን አልነገርኩም። አንባቢው ገጹን ይዞ "ኧረ አታውልቂ!" ቢል ይሻለኛል።

ብቻዋን ስለሆነች ሌላ ጣጣም ነበር፤ የምታወራው ሰው የላትም። በአንደኛ መደብ ልጻፈው ብል ደግሞ "ሄድኩ፣ ወደቅኩ" የምትለው ልጅ ቆይታ ነው የምታወራው፤ መትረፏ ከመጀመሪያው መስመር ይታወቃል። በሦስተኛ መደብ ቀጠልኩ። ለራሷ የምታወራውን ግን በሁለተኛ መደብ አደረግኩት። "ተነሺ።" "አትተኚ።" "ውሃውን አፍዪው፣ ሰነፍ።" መጀመሪያ ላይ ድምፁ የራሷ ነው። እየቆየ የእናቷ ሆነ። ይህን አላቀድኩትም። ትእዛዙን ደጋግሜ ስጽፈው ራሱ ወደ እናቷ ሄደ።

አንባቢዎቹ ልጆች ስለሆኑ አንዳንድ ቦታ ተጠንቅቄያለሁ። የምትበላውን ተክል ስም አልጠራሁም። የእባብ መርዝ በአፍ የምትመጥበትን ትዕይንት አወጣሁት፤ ፊልም ላይ ያምራል እንጂ አይሠራም፣ ይጎዳልም። ውሃ ስታፈላ ግን በትክክል ነው፤ ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ 3 ደቂቃ። ሰዓት ስለሌላት ትቆጥራለች። ትሳሳታለች፣ እንደገና ከአንድ ትጀምራለች።

ሁለተኛውን ረቂቅ ለዚያው ልጅ ወሰድኩለት። በአራተኛው ቀን መለሰልኝ። ማዕዘኑ ላይ ክብ የውሃ እድፍ አለበት። "ይቅርታ፣ ብርጭቆ አስቀምጬበት ነው" አለኝ። "እያነበብኩ ሁለት ጊዜ ተነስቼ ውሃ ጠጣሁ።"